ከወፍጮ ቤቱ በታች

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠብ ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ። ቆጠርኩት... በደቂቃ አርባ አንድ ጠብታ።

የቧንቧ ሠራተኛው ጎበና «አራት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ» ብሎ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰ። በስልክ አቅጣጫውን በደንብ ነግሬው ነበር። «ኮብልስቶኑን ይዘህ ወደ ላይ ውጣ፤ ከወፍጮ ቤቱ በታች ሦስተኛው በር። አረንጓዴ።» ከዚህ በላይ ለሰው ምን ይነገራል? አምስት ጊዜ ደወለ። «ማዘር፣ ወፍጮ ቤት የሚባል ነገር አይታየኝም!»

ሲደርስ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። «እዛ ላይ አንዲት ሴትዮ ጠየቅኩ፤ እሷም አላውቀውም አለችኝ» አለ። እዚህ ሰፈር ወፍጮ ቤቱን የማያውቅ ሰው? ሰበብ ነው። ዓይናቸውን ስልክ ላይ ተክለው ይሄዱና ፊታቸው ያለውን አያዩም።

ቧንቧው በዘጠኝ ደቂቃ ተሠራ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

እንግዳ መጣችብኝ። ሰኚ ትባላለች፤ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት ቢሆናት ነው። የካርታ ባለሙያ። ለሕዝብ ቆጠራ የሚሆን ካርታ ልትሠራ መጥታ፣ ሰፈሩን የሚያሳያት ሰው ስትጠይቅ «ቲቸር ዳርቱ አለችልሽ» አሏት። ሠላሳ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ፣ ጡረታ በወጣሁ በስድስተኛው ዓመት ካርታ በራሱ እግር ቤቴ መጣ!

ሥራው እንዲህ ነው። አገሩ ሁሉ በትንንሽ ቁራጭ ይከፈላል። አንዱ ቁራጭ «የቆጠራ ቦታ» ይባላል። ከተማ ውስጥ ከመቶ ሃምሳ እስከ ሁለት መቶ ቤት ይይዛል፤ አንድ ቆጣሪ በተሰጠው ቀን አንኳኩቶ የሚጨርሰው ያህል። ከሁለት መቶ አይበልጥም። አንዱ በአንዱ ላይ አይደረብም፤ በመካከላቸውም ክፍት አይተውም። የኛ 07 ነው። ከኛ በላይ ወደ እንጦጦ የሚወጣው 08። 07ን እኔ እመራለሁ፤ 08ን ደግሞ ሌላ ሰው ይፈለጋል።

መመሪያ ሰጠችኝ፤ ሃያ ስምንት ገጽ። ገጽ 11 ላይ በቀይ አሰመርኩ፦ «ድንበር የሚሆነው ለአካባቢው እንግዳ የሆነ ሰው በዓይኑ ሊያየው የሚችል ነገር ብቻ ነው።» መንገድ፣ ወንዝ፣ አጥር። እንዴት ያለ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው! ሁለተኛ አሰመርኩበት።

ሰኚ ቀይ እስክሪብቶዬን አይታ ሳቀች። «ቲቸር፣ ፈተና እኮ የለውም።»

እናያለን።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ዛሬ ተጀመረ። እሷ ታብሌት፣ እኔ ጠመኔ። እያንዳንዱ በር ላይ ቁጥር እጽፋለሁ፤ እሷ ታብሌቷ ላይ ነጥብ ታደርጋለች።

ገና ሳንጀምር ባለ ሱቋ ሀፊዛ መንገድ ላይ ጠበቀችን። ጠመኔውን ከሷ ነው የገዛሁት፤ ወሬውንም አብሬ ሳልሸጥላት አልቀረሁም።

«ቲቸር፣ አንድ ቁጥርን ለማን ሊሰጡት ነው?»

«እኔ አልሰጥም። ከሰሜን ምዕራብ ጫፍ ይጀመራል ይላል መመሪያው።»

«ታዲያ ሰሜን ምዕራብን ያናግሩልኛ!»

ሰኚ ታብሌቷን አዞረች፣ አዞረች... የሰሜን ምዕራቡ ጫፍ የሀፊዛ ቤት ሆኖ ቁጭ! ከሷ በላይ ወፍጮ ቤቱ ነው፤ ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ 08። 001 ብዬ ጻፍኩላት። በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ከዚያ እሷ ራሷ በሩ አጠገብ ቆማ ተነሳች። ከዚያ እኔንና ጠመኔዬን አቆመችን። አርባ ደቂቃ ሄደ።

የኔ ቤት 003።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ሰኚ አንድ በር ላይ 46 ለማለት 64 ጽፋ በመዳፏ ልትጠርግ ስትል እጇን ያዝኩት። «ስህተት አይፋቅም። በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ ትክክሉ ከላይ ይጻፋል።» ሠላሳ ስድስት ዓመት ያልኩት ነው። ተማሪ የት እንደሳተ ካላየ ነገም እዚያው ይስታል።

«እሺ ቲቸር» አለችና ሰረዘች። መስመሩ ትንሽ ጠመም ብሎባታል። እንዳላየ አለፍኩት።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ዲንቄ ጠራችኝ። ሀፊዛ ሱቅ ጥግ ቆሎ የምትሸጠው። ድሮ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ በጀርባዋ ታወርድ ነበር፤ ወገቧ እምቢ ሲላት ወደ ቆሎ ዞረች። ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ቤቷ ግን ገብቼ አላውቅም። ከላይ ሸለቆው ዳር፣ ዛፉ ውስጥ ነው።

«እትዬ ዳርቱ፣ እኔም እጻፋለሁ?»

«እንዴት አትጻፊም?»

«ባለፈው ቆጠራ ጊዜ ሸክም ላይ ነበርኩ። ስመለስ ቆጣሪዎቹ ሄደዋል። አገሬው ተቆጥሮ እኔ ቀረሁ።» ሳቀች፤ የምር ሳቅ ግን አልነበረም። «አንድ ቀን እንኳ አለች ልባል ብዬ እኮ ነው።»

«ዲንቄ፣ እኔ ባለሁበት አንድ በር አይዘለልም» አልኳት።

እጅ ሙሉ ቆሎ ጨመረችልኝ። ጉቦ ነው ብዬ ልመልስ ስል «ቀምሰውታል፤ አይመለስም» አለች።

ቤቷ ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ ስለሆነ በ08 ነው የምትገባው። እነግራታለሁ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ውሻ። ቁጥር 112። ሁለተኛ አልሄድበትም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ሲያቃጥል እንጦጦ ራሱ ጠፋ። ሰኚ እየሳለች፣ እኔ እያስነጠስኩ፣ የመጨረሻውን በር በጭስ ውስጥ በመዳሰስ አገኘነው። 188! አንድም ያልተጻፈ የለም።

የድንበር መግለጫውን በራሴ እጅ ጻፍኩ፤ ሰኚ ታብሌቱ ላይ ገለበጠችው። «በደቡብ አስፋልቱ። በምሥራቅ ኮብልስቶኑ። በምዕራብ ሸለቆው። በሰሜን የድሮው ወፍጮ ቤት።» ንጹሕ ሥራ። ለራሴ ከመቶ ዘጠና ስምንት ሰጠሁ። ሁለቱን የቀነስኩት ስለ ውሻው ነው።

08ን ጋሽ ነገሳ ይመሩላታል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ይህ ሰፈር እርሻቸው ነበር፤ አሁንም ቢሆን ቤት አይታያቸውም። የሀፊዛን ሱቅ «ባቄላው ማሳ» ነው የሚሉት፤ የኔን ቤት «ገብሱ»። ምስኪን ሰኚ! በእህል ዓይነት ካርታ ልትሠራ ነው።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ዲንቄ በር ድረስ መጣች። «ጠመኔው ወደኔ አልመጣም።»

«ያንቺ በጋሽ ነገሳ በኩል ነው። ትናንት ነው የጀመሩት፤ ታገሺ።»

«እሺ እትዬ።»

ታገሺ ማለት ለኔ ቀላል ነው... 003 ተጽፎልኛል።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ዲንቄ እንደገና። ጋሽ ነገሳ 08ን ጨርሰዋል፤ 196 ቤት። የሷ በር ባዶ ነው።

«ጋሽ ነገሳን ጠየቅኳቸው፤ 'አንቺ ከወፍጮ ቤቱ በታች ነሽ፣ የቲቸር ነሽ' አሉኝ። እርስዎ ደግሞ ከወፍጮ ቤቱ በላይ ነሽ ይሉኛል። እትዬ... እኔ የማን ነኝ?»

ሀፊዛ ሱቅ በር ላይ ጋሽ ነገሳን አገኘኋቸው።

«ዲንቄን ለምን ዘለሏት?»

«ያንቺን ሰው እኔ ልጻፍልሽ?»

«ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያለው የርስዎ ነው!»

«ስታስተምሪ ኖረሽ ላይና ታች ጠፋሽ እንዴ? እሷ ከወፍጮ ቤቱ በታች ናት!»

ሀፊዛ ከውስጥ ሆና «ሁለታችሁም ወደ ሱቄ ጀርባችሁን ስጡና ተከራከሩ፤ ሰው ማለፊያ አጣ» አለች።

እሳቸው አርጅተዋል። ሰኞ ሰኚ ስትመጣ ካርታው ይፈርዳል።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ካርታው ፈረደ።

ሰኚ ሁለቱን ቁራጮች ታብሌቷ ላይ ገጠመቻቸው። የኔ ቢጫ፣ የጋሽ ነገሳ አረንጓዴ። በመካከላቸው ነጭ ነገር አለ። የባሕር ዛፍ ቅጠል የመሰለ፣ ረዘም ያለ ነጭ ነገር።

«የታብሌቱ ኤረር መስሎኝ ነበር» አለች። «ከሰማይ የተነሳውን ፎቶ አየሁት፤ ዛፍ ብቻ ነው። ጫካ ብዬ ልዝጋው አይደል?»

«ጫካ አይደለም። ዘጠኝ ቤት አለበት፤ ዛፍ ሸፍኗቸው ነው። የዲንቄ ቤት እዚያ ነው።»

ታብሌቷን ወደኔ አዞረች። ቀስ ብላ አስረዳችኝ፤ እኔ ተማሪ፣ እሷ አስተማሪ። «ቲቸር፣ እርስዎ ወፍጮ ቤቱ ብለው የጠቆሙኝ እዚህ ጋ ነው። ጋሽ ነገሳ ወፍጮ ቤቱ ብለው የጠቆሙኝ ደግሞ እዚህ ጋ። የቱ ነው ትክክል?»

«ወፍጮ ቤቱ አንድ ነው!»

«እሺ፤ አሁን የት እንዳለ ሄደን እንየው?»

ነጠላዬን አነሳሁ... መልሼ አስቀመጥኩት። የምናየው ምን አለ? ሞተሩ ተነቅሎ ወደ ካራ ሰፈር ከሄደ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗል። ቆርቆሮው ፈርሷል። ወፍጮ ቤት የለም! እኔ፣ ገጽ 11ን በቀይ ሁለት ጊዜ ያሰመርኩት ሴትዮ፣ እንግዳ ሰው በዓይኑ የሚያየው ድንበር ብዬ የጻፍኩት የሌለ ቤት ነው። ያ የቧንቧ ሠራተኛ... አምስት ጊዜ ደውሎ አይታየኝም ሲለኝ!

ሰኚም ፊቷ ቀላ። «እኔም ሳላይ መጻፍ አልነበረብኝም። ግን ሁለታችሁም እንደዛ ስትጠቁሙ... ከዛፉ ጀርባ ያለ ነው የመሰለኝ።»

ዓርብ ካርታው ይላካል። በጫካነት ከተዘጋ ዘጠኙ ቤቶች የሉም ማለት ነው። «ቆጣሪ ካርታው ላይ የሌለ በር አያንኳኳም» አለች።

ማስተካከል ይቻላል። የእርማት ቅጽ አለ። የመሪው ስም፣ ስህተቱ፣ የስህተቱ ምክንያት፣ ፊርማ።

የመሪው ስም።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

መጀመሪያ የማን ስህተት እንደሆነ ይታወቅ። ይህ ፍትሕ ነው እንጂ እልህ አይደለም።

ሜትር ይዤ ወጣሁ። እኔ በኔ ወፍጮ ቤት ቆምኩ፤ ጋሽ ነገሳ በሳቸው። ሰኚ በመሃል ሜትሩን ይዛ። ስልሳ ስምንት ሜትር!

«እዚህ ጋ አህያዬን አስር ነበር!» ብለው ከላይ ጮኹ። «ወፍጮ ቤቱ እዚህ ነው!»

«እኔ ደግሞ እዚህ ጋ ጆንያ ላይ ተቀምጬ የስንት ክፍል ደብተር አርሜያለሁ! ወፍጮ ቤቱ እዚህ ነው!»

«አህያ ይዋሻል?»

«ደብተር ይዋሻል?»

የሰፈሩ ሰው ወጣ። ሀፊዛ ከኔ ጎን ቆመች፤ ምክንያቷ ግልጽ ነው፤ ድንበሩ ከፍ ካለ 001 ትወድቅባታለች። «ካስፈለገ ዘጠኙን ከመጨረሻ ጨምሯቸው። 189 እያላችሁ። ማን ያያል?» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ።

ቆጣሪው ያያል፤ ይልቁንም አያይም። በተራ እየሄደ ታች አስፋልቱ ጋ 188 ላይ ሲደርስ ጨረስኩ ብሎ ይሄዳል። ዘጠኙ ላይኛው ጫፍ ላይ ናቸው። ዲንቄ እንደገና ትቀራለች።

08 ላይ ቢጨመሩ ደግሞ 205 ይሆናል፤ ከሁለት መቶ ያልፋል። 07 ላይ 197። መውጫ የለኝም። ከኔ ጋር ነው የሚገቡት፤ ከመጀመሪያው። ያ ማለት 188 በር ሁሉ ቁጥሩ ይቀየራል።

ቅጹን አውጥቼ በእርሳስ ሞከርኩት። ምክንያት፦ «በአካባቢው መሪዎች መካከል የተፈጠረ አለመግባባት።» ሰረዝኩት። ይህን የጻፈ ተማሪ ቢኖር ከአሥር ስንት እሰጠዋለሁ?

ምክንያት፦ «የሌላኛው መሪ...»

እሱንም ሰረዝኩት።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነው። እርሳሱን ሦስት ጊዜ ቀረጽኩት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዲንቄ ወጣሁ፤ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልነግራት። አልነበረችም። በሩ ላይ ግን... ቁጥር አለ። በጠመኔ፣ ትልቅ አድርጎ። 003።

ስመለስ ሱቁ ጥግ አገኘኋት። «ዲንቄ፣ ማነው የጻፈልሽ?»

አንገቷን ደፋች። «ራሴ። ጠመኔ ከሀፊዛ ወሰድኩ። ቢመጡ ባዶ ሆኖ እንዳያልፉት ብዬ። የእርስዎን ነው የገለበጥኩት... የቲቸር ቁጥር መቼም ልክ ነው ብዬ።»

ቀጥ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ገብቼ ቅጹን በእስክሪብቶ ሞላሁ። ስህተት፦ «ዘጠኝ ቤቶች ከካርታው ውጪ ቀርተዋል።» ምክንያት፦ «የሌለ ነገር አይቼ ድንበር አድርጌአለሁ።» ፈረምኩ። በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ሰው ስህተቱን እንዲያምን እንዳደረግሁ ቆጥሬ አላውቅም። ይህን ያህል ከባድ እንደሆነ አንዳቸውም አልነገሩኝም።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

እስኪ በተራ ልጻፈው። ሳቁ ገና አልለቀቀኝም።

ጠዋት ሰኚ፣ ጋሽ ነገሳና እኔ ዘጠኙን ቤቶች ለመመዝገብ ወጣን። ቅጹን ሰጠኋት። አነበበች። እንደ ደብዳቤ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ልትከተው ስትል፣ ጋሽ ነገሳ «ምን ጻፍሽ?» አሉ። «እውነቱን» አልኩ። «እኔንም አስገቢበት እንግዲህ፤ አህያውም ሳይሳሳት አልቀረም» ብለው እሳቸውም ከታች ፈረሙ።

የሰሜን ምዕራቡ ጫፍ አሁን የዲንቄ ቤት ሆነ። ገባን። አንድ ክፍል ነው፤ ንጹሕ፣ ወለሉ በሰሌን የተሸፈነ። ዲንቄ ሁላችንንም የት እንደምታስቀምጥ ጠፍቷት «አልጋው ላይ፣ አልጋው ላይ» ትላለች። ጋሽ ነገሳ ወደ አልጋው ሲሄዱ...

«ወይኔ እግሬን!»

«ውይ! አባቴ ይቅርታ! ያቺ ብረት ናት። እኔንም ስንቴ መታችኝ።»

ጎንበስ ብለው ሰሌኑን ገለጡት። ከሲሚንቶ ውስጥ የወጣ ቡሎን። ወፍራም፣ ዝገት የበላው። ሰሌኑን ትንሽ ሳቡት። ሌላ ቡሎን። አልጋውን ገፋ አደረግነው። ሦስተኛ። አራተኛ። አራት ቡሎን በአራት ማዕዘን፣ መሃሉ ላይ የጠቆረ የዘይት እድፍ።

ጋሽ ነገሳ መሬት ላይ ተቀመጡ። እድፉን በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ዳርቱ» አሉ በመጨረሻ። «የሞተሩ መቆሚያ ነው።»

ዲንቄ አንድ ጊዜ እሳቸውን አንድ ጊዜ እኔን ታያለች። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ዲንቄ... ወፍጮ ቤቱ ይሄ ነው። ቤትሽ ነው።»

አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሰች መስሎን ደነገጥን። ሳቅ ነው! «ሃያ ሁለት ዓመት!» አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሁሉ በወፍጮ ቤቱ በኩል፣ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ሲል... የት ነው ብዬ መጠየቅ አፈርኩ! እኔ ስመጣ ወፍጮ አልነበረም። ሰው ሲጠይቀኝ አላውቀውም እላለሁ። በቀደም እንኳ አንድ የቧንቧ ሰው በሬ ላይ ቆሞ...»

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አልሰማም። ሰኚ ታብሌቷን እስክትጥል ሳቀች።

እኔ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። ለምን ሳትኩ? ገባኝ። ጆንያዬ ላይ ተቀምጬ ደብተር አርም ነበር፤ ሰልፉ ጫፍ ላይ። ተራዬ ሲደርስ ተማሪዎቼ ጆንያውን ይዘው ይገቡልኛል። እኔ የማስታውሰው ሰልፉን ነው፤ ወፍጮውን ቀና ብዬ አላየሁትም። ጋሽ ነገሳም የሚያስታውሱት አህያቸውን ያሰሩበትን ነው። ሁለታችንም የቆምንበትን ወፍጮ ቤት አደረግነው።

ዲንቄ ድንገት ሳቋን አቆመች። «ቆይ፣ ታዲያ ድንበሩ በአልጋዬ ላይ ነው የሚያልፈው? እግሬ የጋሽ ነገሳ፣ ራሴ የቲቸር ልሆን ነው?»

«ቤት አይከፈልም» አለች ሰኚ። «ድንበሩ ከኋላ ባለው የእግር መንገድ ያልፋል። መንገዱን ማንም ያየዋል። አይቼዋለሁ። ቆሜበታለሁ። በጫማዬም ረግጬዋለሁ።»

ጋሽ ነገሳ ሜትሩን ተቀብለው ወጡ። ተመልሰው ሲገቡ እንደ ሕፃን ደስ ብሏቸዋል። «የኔ ስህተት አሥራ ሦስት ሜትር፣ ያንቺ ሃምሳ አምስት!»

ልክ ነው። ለክቻለሁ።

የዲንቄን በር 003 በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዝኩት። ከላዩ 001 ጻፍኩ። ፎቶ የሚያነሳ ስልክ የላትም። ጣቷን ወደ ቁጥሩ አስጠግታ ሳትነካው መለሰችው።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

ካርታው ተላከ። ሰኚ አጠገቤ ቆማ ነው ቁልፉን የተጫነችው። ነጩ ነገር የለም፤ ቢጫው እስከ እግር መንገዱ ወጥቷል። 197 ቤት።

ስትሰናበት ቀይ እስክሪብቶዬን ሰጠኋት። «ለምን ቲቸር?» «ገጽ 11ን አስምሪበት።»

ከነገ ጀምሮ በሮቹን አስተካክላለሁ። 188 በር። አሮጌው በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ አዲሱ ከላይ። ስህተቴ ሰፈሩ ሁሉ ላይ ተጽፎ ሊታይ ነው... ሰኚ «እርጥብ ጨርቅ ይዘው ቢጠርጉት ይሻላል፤ ማንም አያውቅም» ብላኝ ነበር። ከዚያ የኔኑ ቃል አስታውሳ ራሷ ሳቀች። አይፋቅም።

ኅዳር 28፣ እሑድ

ሀፊዛን ፈርቼ እሷን ለመጨረሻ አቆይቼ ነበር። መጥታ ጠራችኝ።

«ስንት ሆንኩ?»

«አሥር።»

ሰረዝኩት፤ 010 ጻፍኩ። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው። «ከአንድ ወደ አሥር... አድጌያለሁ ማለት ነው» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለዲንቄ ባይሆን ግን አልለቅም ነበር።»

112 ላይ ውሻው አሁንም አለ። ቁጥሩን ባለቤቱ ራሱ ሰረዘው። መስመሩ ጠማማ ነው።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ቧንቧው እንደገና። በደቂቃ ሃያ ስምንት ጠብታ፤ መሻሻል አለ።

ጎበና ጋ ደወልኩ። አቅጣጫ ከመናገሬ በፊት አሰብኩበት። «ኮብልስቶኑን ይዘህ እስከ ላይ ውጣ። በግራ በሸለቆው በኩል በሩ ላይ 001 የተጻፈበት ቤት አለ፤ በዓይንህ ታየዋለህ። ከሱ ወደ ታች ቁጥር እየተከተልክ ና። 012፣ አረንጓዴ በር። ከስሩ የተሰረዘ 003 አለ፤ እሱ የኔ ስህተት ነው።»

«ማዘር፣ እንዲህ ነው አቅጣጫ!» አለ።

አራት ሰዓት ላይ ይደርሳል። አራት ተኩል፤ የለም። ልደውል ብዬ ተውኩት። አምስት ሰዓት ላይ ኪሱን ቆሎ ሞልቶ መጣ።

«ሴትዮዋ በሯ ላይ ተቀምጣለች» አለ። «ለጨዋታ ያህል፣ ያ ወፍጮ ቤት ተገኘ ወይ አልኳት። 'ተገኘ፤ እኔ ነኝ፣ ግባ' አለች። አልጋ አስገፋችኝ፣ አራቱንም ቡሎን አስቆጠረችኝ። ማን ከየት መጥቶ ምን ያስፈጭ እንደነበር ሁሉ ነገረችኝ። ካልቀመስክ አትሄድም አለች።»

ባለፈው ወፍጮ ቤቱን ስላጣው አንድ ሰዓት ዘገየ። ዛሬ ስላገኘው።

ቧንቧውን በስምንት ደቂቃ ጨረሰ። ቆሎውን ተካፈልን።